ስሙ የመንደሩ፣ እግሩ ግን የሜዳ

ስሙ የመንደሩ ነው፤ እግሩ ግን የሜዳ፤
ቫል ዴ ሶብሬይራ ብሎ ለወረደ እንግዳ
መንደር የለም እዚያ፤ የአንድ ሰዓት ዳገት ነው የሚጠብቀው።
ያገሩ ሰው ታሪኩን እንዲህ ነው የሚያውቀው፦

ባለርስቱ ማሉ፣ «ወይኔን ጭስ አይነካም፤ ይለፍ በዚያ ማዶ!»
ሀዲዱ ታጠፈ፣ በቡሽ ዛፎች መሀል፣ ቀይ አፈር ተንዶ።
ጥቂት ቆየና ወይኑን ተባይ በላው፤ ባለርስቱም ሞቱ፤
ሀዲዱ ብቻ ቀረ፣ የሙት ቁጣ እንዳጠፈው፣ ሳይቀና አንገቱ።

ምን ነበረው ቢሉ፦
አንድ አግዳሚ ለፀሐይ፣ አንድ አግዳሚ ለጥላ፣
ከመቶ ኪሎ ቡሽ ሁለቱን የሚበላ
ሚዛን ከነዝገቱ፤
ባቡር የሚጠጣበት ጋን፣ በቡሽ ተወትፎ ሽንቁር ደረቱ፤
ከሊዝበን ሰባት ደቂቃ የምትቀድም ሰዓት
(«ገበሬ ይዘገያል» ብሎ ሹሙ ቤላርሚኖ ነው ወደ ፊት የገፋት)።

ግድግዳው ላይ ደግሞ፣
በነጭ ሸክላ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ቡሽ የሚልጥ ጎረምሳ፣ ወይራ የምታራግፍ ሴት፣ አጎንብሶ በቅሎ፣
ባቡሩም ራሱ፣ ጭሱን ወደ ኋላ እንደ ነጠላ ጥሎ።
አንዷ ሸክላ ብቻ ተገልብጣ ተለጥፋለች፤
መንኮራኩር ሰማይ ላይ፣ ደመና ከሀዲድ ሥር ታሳያለች።
ሠዓሊው ሰክሮ ነው ይላል አንዱ፤ ሌላው፣ ደሞዙን ነስተውት።
ሊያርሟት ሲመጡ፣ ቤላርሚኖ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ተዉት!
እዚህ መስመር ላይ ቀጥ ያለ ነገር አንድ እንኳ ሳይኖር፣
ምነው እሷን ብቻ ማቅናት? እንዳለች ትኑር!»

ዴኦሊንዳ፣ የማቋረጫው ዘበኛ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥሩምባዋን ነፍታ፣
ሰንሰለቱን ስባ፣ ጋሪውን ከነበጉ አግታ፣
አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈረችም።
በመጨረሻው ቀን፣ ሾፌሩ ዠርቫዚዮ፣ ቆሞ በማያውቅበት፣
ደጇ ላይ አቆመ፦ «ነይ ተሳፈሪ እንጂ! ዛሬ ነው፣ ነገ የለበት።»
አንገት በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አለ።
እሷ ሰንሰለቱን እንደ ያዘች፦
«እኔ ከሄድኩማ ለጋሪው ማን ይከፍታል?»
ባንዲራዋን ዘረጋች። ባቡር ምን ይላል?
ሄደ።

አሁን ጋኑ ላይ ሽመላ ጎጆ ሠርቷል፤ ሀዲዱን በጭነት ሸጡት፤
ሥዕሉን ሌቦች በሌሊት እየፈለቀቁ ወሰዱት፤
ጎረምሳውን፣ በቅሎውን፣ ጭሱን ሳይቀር።
የተገለበጠችዋን ግን፣
የሚገዛ አይገኝም ብለው መሰለኝ፣ ትተዋት ሄዱ።
ሲነጋ ፀሐይ መጀመሪያ የምትነካው እሷን ነው፣
ብቻዋን፣ በተፈረፈረው ልስን መሀል፣
መንኮራኩሯን ወደ ላይ።