ንጉሡ ሠ

ጦሳ ጉሙን ለብሶ ሳይገልጠው ፊቱን፣
ኡራል ወደ ሰሜን ሲያንቀጠቅጥ ቤቱን፣
ሉባባ በሻርፗ ጠረገች የታይፑን ደረቱን።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ደመወዟ ሃምሳ፣
ቀበሌው ቆርቆሮ፣ ብርዱ የሚያገሳ።
ሊቀ መንበሩ ገባ፣ ብጣሽ ይዞ በእጁ፣
«ኮታችን ሠላሳ ነው፤ ለዓርብ ይዘጋጁ።
በሁለት ካርቦን ምቺው። ስም ከነአባት።»

ሠላሳውንም ታውቃለች።
ከቧንቧው ወረፋ፣ ከፒያሳ ዳገት፣ ከሆጤ ኳስ ሜዳ፤
አንዱ የግድግዳ ጎረቤት፣ አንዱ የደብተር ባለዕዳ፣
አንዱ ደግሞ (ይቅር፣ ስሙን አልናገርም)
በክረምት ጃንጥላውን ሰጥቷት እስካሁን አልወሰደም።

እምቢ ብትል፣ ሌላ የምትመታ አለች።
ብትዘል፣ ሰውዬው በጣቱ ይቆጥራል።
ያኔ ትዝ አላት ወይዘሮ ስሂን ሳለች፣
መምህር ጌጤነህ ጠመኔ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣
«ድምፁ አንድ ነው ብላችሁ አትናቁ» ያሉት፦
እሳቱ ሰ አለ፤ ንጉሡ ሠ አለ፤
ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤
ጸሎቱ ጸ አለ፤ ፀሐዩም ፀ አለ።
«ሞክሼ ናቸው እንጂ አንድ ሰው አይደሉም።»

ንጉሡ ከወረደ አሥራ አራት ዓመቱ፤
ፊደሉን ማን ያውርደው? ቁልፉ ላይ ነው ቤቱ።

መታች። ቀስ ብላ።
መታወቂያው ላይ «ሰኢድ» ያለው «ሠዒድ» ሆኖ ወጣ፤
ሁሴን ከሃሌታው ወርዶ በሐመር ተሳፍሮ መጣ፤
እኔን፣ ጸዳሉን፣ ከጸሎት አንሥታ
ፀሐይ ላይ አሰጣችኝ።
ማታ ቧንቧው ጋ፣ ባልዲዋን በእግሯ እየገፋች፣
«ሲጠሩህ ፊደልህን እይ» ብላኝ አለፈች።

ዓርብ ሌሊት መጡ፣ ባትሪ እያበሩብን፣
ከየአልጋው ጎትተው ሲኒማው ደጅ ደረደሩን።
«ፀዳሉ አየለኝ!»
«ጓድ፣ ያ በፀሐዩ ነው፤ እኔ በጸሎቱ ነኝ።»
ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። በብርዱ አሳበብኩ።
ካድሬው መታወቂያዬን አየ፤ ወረቀቱን አየ፤
ደረቱ ላይ የመሠረተ ትምህርት ሜዳሊያ፤
እሱ ራሱ «ፊደል ምን ያደርጋል» ይበል እንዴ?
«ይጣራል» አለ። ወደ ጎን አቆመኝ።
ሰባት ሆንን ወደ ጎን።
ሰባት፣ ከሠላሳ። ድል ብላችሁ አትቁጠሩት።

ከዚያ፣ «ይመር ደምሌ!»
ይ። መ። ር። ደ። ም። ሌ።
ስድስት ፊደል፣ አንዱም ሞክሼ የሌለው።
ሉባባ ሌሊቱን ስታገላብጠው አድራ፣
ቁልፉን ሁሉ ዳብሳ፣ ሌላ ይ አጥታ፣
እንዳለ መታችው።
ይመር በአንድ ደብተር አብሮኝ የተማረ፣
በአንድ ሲጋራ አብሮኝ የሳለ፣
ዞር ብሎ አየኝና፣
«የአባቴ ጥፋት ነው፤ ስም ማውጣት አያውቅበትም» ብሎ ሳቀ።
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ የመኪናው መብራት ሁለቴ ታየኝ።
ሦስተኛውን ጉም ወሰደው።

ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ አንዱ ካርቦኑን
መስኮት ላይ አስደግፎ አነበበ።
«ስህተት ነው ወይስ ሴራ?» አሏት።
«ስህተት በየትኛው ሀ?» አለች።
ለዚህች መልስ ስምንት ወር ከፈለች።

ከዓመታት በኋላ ኮምቦልቻ ወርጄ፣
ጨርቃ ጨርቁ በር ላይ፣ ፈረቃ ሲለቀቅ አገኘኋት።
ማሽኑ ጆሮዋን በልቶታል፤ ከንፈሬን ታነባለች፤
ለእሷ አሁን ሦስቱም ሀ አንድ ነው።
ስለ ሰባታችን አላነሣችም።
የጠየቀችኝ ስለ አንድ ሰው ነው።

እኔ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በላስቲክ ጥላ፣
ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ።
ሞክሼ ፊደል ይቀነስ የሚሉ ምሁራን አሉ። ይሟገቱ።
የይመር እናት በየዓመቱ መስከረም ትመጣለች፤
ብሯን ከመቀነቷ ፈትታ፣
«ያችኑ ጻፍልኝ» ትላለች።
«ጉዳዩ፦ ከዘመቻ ያልተመለሰ ልጄን ይመለከታል» ብዬ እጀምራለሁ፤
ስሙ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ይቆማል፤
ሌላ ይ እፈልጋለሁ።