ቀሪ ርቀት

ሰኞ ማታ ልጄ ሲፈን፣ ደብተሯን ዘርግታ አልጋው ላይ፣
ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «አንድ አውሮፕላን በሰማይ
በሰዓት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ቢበር ሳይዘገይ፣
አስር ሺህ ኪሎ ሜትሩን በስንት ሰዓት ይጨርሳል?»
እርሳሷን ነክሳለች፤ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ይቆጥራል።

እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣
«አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል» ብዬ ከኋላዋ መለስኩ።
አካፍላ፣ አጥፍታ፣ ደግማ አካፍላ፣ ልክ ሆነ።
«እማዬ፣ ማን ነገረሽ?»

ማካፈል የት አውቄ፣ ትምህርት ከስድስት ነው ያቆምኩት፤
የሳኦ ፓውሎው በረራ ነው፣ ከወንበር ሥር የለካሁት።

የዱባዩ የአራት ሰዓቱማ እንደ ጎረቤት ጥየቃ ነው፤
ሰው ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሻዩን ሳይጨርስ የሚወርደው።
የሳኦ ፓውሎው ሌላ ነው። ሰው ይኖርበታል።
ብርድ ልብሱ ገላ ገላ ይሸታል፣ ትራሱ ላይ ፀጉር ይቀራል፣
ካልሲ ይረሳል፣ መነጽር ይረሳል፤ ጥርሱን የረሳም ነበረ።
አንዴ በሠላሳ አንደኛው ረድፍ፣
በሶፍት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ አገኘሁ፤
አስር ሺህ ኪሎ ሜትር ተሸክሞ፣
መድረሻው ላይ የተወው።

ለጽዳት አርባ ደቂቃ ነው፤ ወርቅያንሳሽ ሰዓት ትይዛለች፤
«ቶሎ! ቶሎ!» ትላለች፤ እሷም እኮ ታሳዝናለች።
ዛሬ አንዱ ስክሪን ሳይጠፋ ቀርቶ፣
ትንሿ አውሮፕላን ካርታው ላይ ቆማ አየሁ፦
«ቀሪ ርቀት፦ ዜሮ። ቀሪ ሰዓት፦ ዜሮ።»
መጥረጊያዬን ይዤ፣ እንደ ሞኝ፣ ትንሽ ቆየሁ።

የኔ ቀሪ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው፣ እስከ ቱሉ ዲምቱ።
ሲፈን አስልታዋለች፦ በአውሮፕላኑ ፍጥነት ቢሆን
አንድ ደቂቃ ተኩል።
አንድ ደቂቃ ተኩል!
ሰልፍ ላይ ቆሜ ነጠላዬን የማስተካክልበት።

ከቦሌ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ቃሊቲ፣
ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» እያለ አምስት ሲያሳፍር፣
ሲኖትራክ መሐል መንገድ ተበላሽቶ መተላለፊያው ሲታጠር፣
ዝናብ ከጣለ ደግሞ ታክሲው እንደ ጨው ሟሙቶ ሲሰወር፣
ጠርጌ የሸኘሁት አውሮፕላን
ቀይ ባሕርን ተሻግሯል፤
እኔ ገና ቃሊቲ ነኝ።
አንድ እግሬ ብቻ መሬት ይዟል።

አራተኛ ፎቅ ነው ቤቴ፤ ደረጃው በእጅ ዳሰሳ ይወጣል።
ሲፈን ተኝታለች። መብራቱ በርቷል። ደብተሩ እንደተከፈተ።
ከመምህር ደቻሳ ጥያቄ ሥር፣ የራሷን አንድ ጽፋለች፦
«አንዲት እናት ከቦሌ በሁለት ሰዓት ብትነሳ፣
ርቀቱ ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣
ቤቷ በስንት ሰዓት ትደርሳለች?»

እርሳሱን አነሳሁ።
ሃያን ለ... ብዬ ጀመርኩ፤ ለምን እንደማካፍለው ጠፋኝ።
ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ከሥሩ ጻፍኩላት፦
«መልስ፦ እንደ ሰልፉ።»