አንድ ማንኪያ መሬት

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ተቆርጦ ጭቃው ሲጀምር፣
ካልተጨረሰው ፎቅ ሥር ተንበርክኬ ስቆፍር፣
ኦቦ ደቻሳ መጡ፣ የጥበቃ ካፖርት ደርበው፤
«ምነው ልጄ? ለዚች ቁራጭም ካርታ ወጣ? ችካል ልትተክሉ ነው?»

«ችካል የለኝም አባቴ፤ አንድ ማንኪያ አፈር ናት፣
መድኃኒት ይገኝባት እንደሁ የምንፈትናት።»

ሳቁ። በዱላቸው ፎቁን እያሳዩ፦
«እዚያ ጤፍ ነበረኝ፣ እዚህ ሽምብራ።
መሬት በሄክታር ሲሄድ አይቻለሁ፤
በማንኪያ ሲሄድ ዛሬ ገና አየሁ።
ውሰጂ፣ አፈር ስሆን፤ ከፈለግሽ ድገሚ።»

ለማን እንደቸኮልኩ አልነገርኳቸውም።
አልጋ ቁጥር አሥራ አራት፣ ሌሊሴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
እግሯ ያመረቀዘ፣ መርፌ ቢቀያየር የማይሽር፤
ጀርሙና መድኃኒቱ ተላምደው
እንደ አንድ ግቢ ተከራይ «እንዴት አደርክ» የሚባባሉበት እግር።

አፈሯ በውኃ ተበጥብጣ፣ ሳህን ላይ ተዘርታ፣
በሳምንቱ ዱቄት የመሰለ ነጭ ባክቴሪያ አወጣች፤
የግንቦት ዝናብ ደረቅ መሬት ሲመታ
አፍንጫ የሚያውቀው ያ ሽታ፣ ለካ የሱ ነው።

ዘረመሉን አነበብነው፤
መሐሉ ላይ አንድ አንጓ፣ ተጽፎ የማይነገር፣
ወርቁን ከሰሙ ሥር ቀብሮ እንደሚስቅ ደብተራ።
ከሌላ ባክቴሪያ ማብሪያ ቆርጠን አንጓው ራስ ላይ ሰፋን፤
«ተናገር» አልነው።
ዝም።
ሌላ ሰፋን። መብራት ጠፋ፣
ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ አርባ ሳህን ደፋን።
«ተናገር እንጂ!»

በአሥራ ሰባተኛው ወር፣ አንድ ማለዳ፣
ሳህኑን ከሞላው የሌሊሴ ጀርም መሐል
ክብ። ጥርት ያለ፣ እንደ ተለቀለቀ አውድማ፣
ምንም የማይበቅልበት።
አሥራ አንድ ሚሊሜትር። ደግሜ ለካሁ። አሥራ አንድ።

እሷ ግን አልጠበቀችንም፤ አምስት ወር ቀደመች።
«አፈሩ ይቅለላት» ልል አፌን ከፈትኩና
ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ቱሉ ዲምቱ ስመለስ የቆፈርኩበት ኮብልስቶን ለብሷል።
«መድኃኒት ሆነች?»
«ገና ናት አባቴ። መጀመሪያ አይጥ፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ ዓመታት፤
መሐል ላይ ትወድቅም ይሆናል።»
ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዘርቶ ዝናብ የጠበቀ ሰው ይገባዋል።
«ስም አላት?»
«ቱ.ዲ. አርባ አንድ።»
«ካርታው ላይ ስሜ የለም» አሉ፣
ወደ ፎቁ ሳይሆን ወደ ጫማዬ እያዩ። «ብልቃጡ ላይስ?»

ማታ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ፣ በረዶውን በአውራ ጣቴ ጠርጌ
«ደ» ብዬ ጀመርኩ።