የራሱ ጌታ

በሌስተር ሐኪም ቤት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
አንድ ብርቱካን ለባሽ መዝገብ ላይ አገኘኝ።
«ስዋሚ» አለኝ ስሙን፤ ትርጉሙን ስጠይቅ፣
«ጌታ ማለት ነው» ሲል፣ ሳቄን ስደባብቅ፣
«የማን?» አልኩት። «የእኔው፤ የራሴ ብቻ ነው፤
እሱም አልተሳካም፣ ሠላሳ ዓመት ሆነው።»
ቀጥሎ «አናንዳ»፤ ደስታ ነው ትርጉሙ፤
ለፊቱ ያን ሌሊት አልገጠመም ስሙ።
የልጅነቱን ስም ወንዝ ዳር ቀብሮታል፤
እንደኛ መነኩሴ በቁሙ ተገንዟል።

መጋረጃው ጀርባ፣ ዘጠና ያለፋት
እናቱ ነቃችና፣ ትንፋሽ እያጠራት
«ቲኑ!» ብላ ጠራች፣ እንዳለች ከማጀት።
ጌታው ብድግ አለ፤ በጉጅራቲ «አቤት!»

ከ«ስም» ፊት ባዶውን ሳልሞላ አሳለፍኩት።