በከባድ ማርሽ

ጉሙ ከጦሳ ላይ ቁልቁል እየሳበ
ቧንቧ ውሃ ሰፈር ደጃፌን ከበበ።
ሦስት ኮምፒውተር አለኝ፣ አንድ ፕሪንተር ደግሞ
ከመዘጋጃ ቤት የተሸጠልኝ ታሞ፤
ቀለሙ ሲያጥረው ሆሄ የሚቆረጥም፣
«ዩኒቨርሲቲ» ስለው፣ «ኒቨርሲ» ብሎ ዝም።

ጦይባ ይመር ገባች። ጫማዋ ጭቃ ነው።
ውጤቷ በፌስታል፣ ዝናብ እንዳይነካው።
«መካኒካል» አለች፣ ወንበር ሳልሰጣት፣
ሰላምታ ሳትጀምር፣ ትንፋሽ እያጠራት።

ከየት እንደመጣ አውቃለሁ ይሄ ነገር።
አባቷ አይሱዙ ይነዳል፣ የሰው።
አምና በሐምሌ ሲሚንቶ ጭኖ
ሀረጎን ሲወርድ፣ ፍሬን እምቢ ብሎ፣
የጠጠር ክምር ነው ከገደሉ አፋፍ የያዘው።
እሷም ጋቢና ነበረች።
ጎማው እስኪበርድ ከአስፋልቱ ዳር ቆመው
«አልሐምዱሊላህ» አለ አባቷ።
«አልሐምዱሊላህ» አለች እሷም።
«ፍሬኑስ ግን?» አለች። «ሲግል ለምን ይከዳል?»

ቅጹን ከፈትኩላት።
አንደኛ፣ አምስት ኪሎ። ሁለተኛ፣ ባሕር ዳር።
ሦስተኛ፣ ሐዋሳ። ጣቷ አያርፍም ነበር።
ጅማ። አርባ ምንጭ። ከዚያ ቀና አለች፣
«የቀረውን ባዶ ተወው፣ ይበቃል» አለች።
ውጤቷን ሰረቅ አድርጌ አየሁ።
ጥሩ ነው። ግን ጥሩ ብቻ ነው።

«ኮምቦልቻስ?» ስላት ፊቷን አዞረች።
«ወልዲያስ?» ዝም አለች።
ቆየት ብላ፣ «ጋሼ አራጋው፣ ሰፈሩ ምን ይላል?
የሃያ አምስት ኪሎ ሜትር መንገድ፣ በታክሲ ተወርዶ፣
መማር ይባላል ወይ፣ እንደ ገበያተኛ ጠዋት ማታ ሄዶ?»

አልነገርኳትም ብዙውን የራሴን፤
አምስት ትልልቅ ስም ደርድሬ የበተንኩትን ዕድሌን፣
ያልመረጥኩት ትምህርት፣ ያልመረጥኩት አገር ደርሶኝ ዕጣዬ፣
ከዓመት ከመንፈቅ ኋላ በሌሊት አውቶቡስ መመለሴን ከነሻንጣዬ።
ይቺን ብቻ አልኳት፦
«ባዶ የተውሽው መስመር ባዶ አይቀርም፣ ጦይባ።
ሌላ ሰው ይሞላዋል።»

ከዚያ ጠየቅኋት፦
«አባትሽ ሀረጎን በስንተኛ ማርሽ ይወርዳል?»
«በሁለተኛ ነዋ። ጭነት ካለው ሞተሩ ነው የሚይዝ።»
«አምስተኛ የለውም መኪናው?»
«አለው። ሜዳ ላይ...»
አለችና አቆመች።
እኔም አልጨመርኩም።

«አምስት ኪሎን ግን አልነካም!»
«ማን ንኪ አለሽ?»
ሐዋሳን አጠፋች። መልሳ ጻፈች። አጠፋች።
መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ ባትሪው ብቻ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።
«ኮምቦልቻ ቶርኖ አለ?» አለች።
የእህቴ ልጅ ዳምጠው እዚያ ነው የሚማር፤
ደወልኩለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ።
«ሁለት አለ» አለ፣ «አንዱ ቆሟል፣ በአንዱ ወረፋ ነው።»
ይቺ ነገር ታስቀይማታለች ብዬ
ስልኩን ልዘጋ ስል
ከስልኩ ላይ ተደፍታ፣ «የቆመውስ?» አለችው፣
«ምኑን ነው? ማን እየጠገነው ነው?»

መብራት ሲመጣ ሦስተኛውን ራሷ ጻፈች።
ወልዲያን አምስተኛ። አንዱንም መስመር ባዶ አልተወች።
ፕሪንተሬ አጉረመረመች፣ ወረቀቱን ነክሳ ለቀቀች፦
አምስት ኪሎ፣ ሙሉ። ከታች «ኮ ቦል »።
ጦይባ እስክሪብቶዬን ከጆሮዬ ላይ መዘዘችና
የጎደሉትን በእጇ ሞላች፣
«ም»ን ጠበቅ፣ «ቻ»ን ሰፋ አድርጋ።

ሂሳቡን ረሳች። አልጠራኋትም።

ምደባው ገና ነው። ዕጣ አላወራም።
ማታ ሱቄን ስዘጋ ግን፣ ከጉሙ ውስጥ፣
አንድ የጭነት መኪና ወደ ሀረጎ ሲያቀና
ሰማሁት፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ገና
ማርሽ ሲቀንስ።