ጠሪ አክባሪ

ኅዳር ነው ፓቪያ፤ ጭጋጉ ከቲቺኖ ወንዝ ተነሥቶ
የሩዙን ማሳ ውጦ፣ ድልድዩን ከነጣራው በልቶ
መስኮታችን ላይ ቆሟል።
ውስጥ መብራት በርቶ ሰም ይቀልጣል።

ቅኔ ቤት አልዋልኩም፤ ሰምና ወርቅ ግን አውቃለሁ፦
ሥጋ በሰም ተከድኖ ሲመጣልኝ
ከሽንኩርት ልጣጭ በላይ በስለት አሳሳዋለሁ፣
ሰሙን በሙቀት አቅልጬ ወርቁን በቀለም እሻለሁ።
የዛሬው ጡብ ቁጥሩ አራት ሺህ ሰባ ሁለት፤
ቢራቢሮ ከሚመስለው እጢ፣ ከአንዲት ሴት አንገት።

መጀመሪያ የታየኝ ብግነቱ ነው።
ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ጦር ሰፍረው፣ ድንኳን ጥለው፣
የገዛ አገራቸውን ከበው፣
ጠላት ሳይመጣ ሃያ ዓመት እሳት ሲያነዱ ኖረዋል።
እሳቱ ዝም አይልም። “ኑ!” ይላል፤
የመጣው ደግሞ ሌላ ይጠራል።
ጥሪውን ኬሞካይን ይሉታል ሊቃውንቱ፤
እሳቱ አጥፊ ይሁን ጠባቂ፣ እስከ ዛሬ አልለየም ሙግቱ።

ጠሪ ካለ ሰሚ አለ። በሕዋስ ቆዳ ላይ የሚበቅል፣
በመጽሐፉ “ተቀባይ” የሚባል፣
እኔ ግን ጆሮ የምለው።

“በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” ሲባል ተረት ብቻ ነበር የመሰለኝ፤
ዛሬ በማይክሮስኮፕ ቃል በቃል ታየኝ፦
በታመመው እጢ መሀል አንዷ ሕዋስ ከሥርዓት ወጥታ
ጆሮ አብቅላለች፣ የወታደሩን ጆሮ ቀምታ።
የሰማ ደግሞ ይሄዳል። ጠሪ አክባሪ ነው ብላ
ወደ ንፍፊቱ በር ታዘግማለች፣ በተሰረቀ ጆሮ ተጠርታ።

ዶክተር ብሩና ወረቀቱን እየፈረመች፣ ቀና ሳትል፣
“ድምጿን ታውቂዋለሽ” አለችኝ።
“ጣቢያው ላይ ባቡር ትጠራ የነበረችው ናት፤ ኤርሲሊያ።”

ኤርሲሊያ!
“የሞርታራው ባቡር፣ ሐዲድ ሦስት”፤ ከመስታወት ክፍሏ ሆና።
በዚያ ድምፅ ስንቴ ሮጥኩ፣ ዳቦዬን በጥርሴ ነክሼ፣ ጫማዬ ሳይታሰር ገና።
አንድ ቀን ደረጃው ላይ አይታኝ መሰለኝ፣ ጥሪውን ደገመችው፤
ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ነበር። ለእኔ ብቻ ነው የደገመችው።
ፊቷን አላውቅም። አሁን የማውቀው
ከፊቷ የጠለቀውን ነው።

ንፍፊቱን ቀለም ነክሬ፣ እስኪይዝ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ።
እጄን ታጠብኩ። ብርጭቆ ወለወልኩ። ደግሞ እጄን ታጠብኩ።
ከዚያ አየሁት፦ ሰባት ስምንት ሕዋስ፣ በጠርዙ በኩል፣ ቡናማ ወርቅ።
ወርቅ አግኝቶ የሚያዝን አንጥረኛ ከእኔ በቀር አላውቅ።

ፎቅ ላይ ያሉት ጆሮውን የሚደፍን መድኃኒት በአይጥ ይሞክራሉ፤
ስጠይቃቸው “ገና ነው” ይላሉ።

ማታ ጣቢያው ላይ ቆምኩ። ጭጋጉ ሐዲዱን ሸፍኖታል።
አሁን የሚጠራው ማሽን ነው፤ አንዴ ተናግሮ ይዘጋል።
“ሞርታራ” ሲል እግሬ ከሐሳቤ ቀድሞ ተራመደ፤
ያቺ ሕዋስ ያን ጊዜ ገባችኝ። ክፋት አይደለም፤
ተጠራች፣ ሄደች።
ቆም አልኩ። በሁለት እጄ ጆሮዬን ደፈንኩ። ባቡሩ ሄደ።

ሐሙስ ኤርሲሊያ ውጤቷን ልትወስድ ትመጣለች፤
አንገቷ ላይ ሻርፕ ይኖራል፣ ድምጿ ምናልባት ሻክሮ።
በመስኮቱ ስሟን የምጠራው እኔ ነኝ።
ሁለቴ እጠራታለሁ።