አርባ ሰዓት

ሥራዬ ትንሽ ናት። ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
የማሞቂያው ቧንቧ በሚያልፍባት ጠባብ መስኮት፣
ቅጽ እቀበላለሁ።
«አርባ ሰዓት ያላገለገለ አይመረቅም» ይላል ደንቡ፤
ከዚያ ፊርማ፣ ከፊርማው በታች ማኅተም፣ ከማኅተሙ መዝገቡ።

ኮሌጃችንም ትንሽ ናት፤ አንድ ደወል፣ ቀይ ጡብ፣ ስድስት መቶ ልጅ፤
ግራው በቆሎ፣ ቀኙ በቆሎ፣ የሚኒሶታ ነፋስ የሚያንኳኳው ደጅ።
እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጥሁ፤
የሾርባ ጭልፋውን፣ የወንዝ ዳር ጽዳቱን፣ ለሕፃን የተነበበውን ተረት
ሁሉን በሰዓት መነዘርሁ።
«ስንት?» እላለሁ። «ምን አየህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤
ለዚያ የሚሆን መስመር ቅጹ ላይ የለም።

አኒካ ትቬት በጥቅምት መጣች፣ ሒሳብ የምታጠና፤
ላሞቹን በሐራጅ የሸጠ ገበሬ ልጅ ናትና
ከብድር ጋር ነው የምትተኛው፣ ከብድር ጋር የምትነቃው።
ያን ሰሞን ዶክተር ሃርግሮቭ «ጥሪያችሁን ጻፉ» ብለው
ድርሰት አዝዘዋል። አንዱን ሕክምና ጠርቶታል፣ አንዷን ስብከት፤
«እኔን ማንም አልጠራኝም» አለች፣ ቆማ ከመስኮቴ ፊት፣
ጥሪዋን ከጠፋ ዕቃ ሣጥን ውስጥ እንደ ደበቅሁባት።

የነበረኝን ሰጠኋት፤ አረጋውያን ማረፊያ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ክፍል ዘጠኝ፤
«ኦሪን ስታድሃይም። ፒያኖ ቃኚ ነበሩ። አይሰሙም።» ሌላ መረጃ አልነበረኝ።

ሦስት ሐሙስ አፈጠጡባት፤ በሰሌዳ ብትጽፍ አላነበቡም።
በአራተኛው ተነሡ፤ እጇን ይዘው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩም፣
ከመመገቢያው ጥግ፣ የአበባ ማስቀመጫ ከሆነ ፒያኖ አደረሷት፤
ክዳኑን ከፍተው መዳፏን ከእንጨቱ ላይ አሳረፉላት።
«ሁለት ሽቦ ሲጣላ» አሉ፣ «እንጨቱ ይንቀጠቀጣል፤
ሲታረቁ ዝም ይላል።
ጆሮዬ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ፤ እኔ ግን አልቦዘንሁም፤
ሽማግሌ ነኝ፤ ጠብ ካልኖረ ሽማግሌን የሚጠራ የለም።»

ይህን ያወራችኝ ነርሷ ናት፣ ቬርላ፣ ቅዳሜ ገበያ አግኝታኝ፤
«ልጅቱ ማክሰኞም ትመጣለች፣ እሑድም» አለችኝ፣
ድንች እየመረጠች።

መጋቢት ላይ ቅጹ መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ በታች ነጭ።
«ሞልተሽ አምጪው እንጂ!»
ጣቷ በመቃኛው ቁልፍ ቆስሏል፤ በፕላስተር ጠቅልላዋለች።
«አሁን የምቆጥረው ሌላ ነው» አለች፤
«በአምስት ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ። ሰዓቱ ጠፋኝ።»
ደንቡን አነበብሁላት። አዳመጠችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ሄደች።
ድርሰቱም «ያልተሟላ» ተብሎ እንደ ተመለሰላት ሰማሁ፤
ቅጹን መሳቢያዬ ውስጥ አኖርሁ፣
ከላዩ ላይ ምን እንደምመታበት ሳላውቅ።

ሚያዝያ፣ አንድ ማታ። የጣራው በረዶ ይንጠባጠባል፤
ከመዝገቤ ጋር አምሽቻለሁ። ቧንቧው ይንቀጠቀጣል።
ማሞቂያው ተዘግቷል እኮ፣ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ!
ለካ ከላይ፣ ከንባቡ አዳራሽ፣ ማንም የማይነካው ፒያኖ ኖሮ፣
አንድ ድምፅ ይመታል፤ ይደገማል፤ ይንሻፈፋል።
ጠብ ነው። ሁለት ሽቦ ይካሰሳል።
ማኅተሜን አስቀምጬ መዳፌን ከብረቱ ላይ ጣልሁ፤
ረገበ፣ አገረሸ፣ ደግሞ ረገበ፤
ዝም እስኪል ጠበቅሁ።
ስንት ሰዓት እንደ ሆነ አላየሁ።

በነጋው አንድ ልጅ ቆቡን ወደ ኋላ አዙሮ
ወረቀቱን በመስኮቴ አሾለከ።
«ምን አየህ?» አልሁት።
ዞር ብሎ ከኋላው ሰው እንዳለ ተመለከተ፤
ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ቅጹን።
«ስድስት ተኩል» አለኝ።